ደንበኛሽ ትታገሥ

መስከረም 21

እታለም፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ብጀምር «ጤና ጤና የምትለው ሐኪም ሆንክ እንዴ» ትይኛለሽና ትቼዋለሁ። ጋሼ ባለቤትሽ ግን ስኳሩ እንዴት ነው? መርፌውን በሰዓቱ ይወጋል? አውቶቡስ መንዳቱን ካቆመ ወዲህ ከቤት አልወጣም ብሏል ያልሽው አሳስቦኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ኖሮ ሶፋ ላይ መቀመጥ መቼም አይሆንለትም።

የስልኩን ነገር ተስማምቻለሁ። ስደውል የስፌት መኪናሽ ይጮኻል፣ ደንበኛ ይገባል፣ አንቺም «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ዋል» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ እንደነበረው እንጻጻፍ ካልሽ እኔም ደስ ይለኛል። ምክር ቤት ውስጥ የሚጻፍልኝ ሁሉ «የተከበሩ» ብሎ ነው የሚጀምረው። «አንተ ምላሰኛ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ናፍቆኛል።

ምን እየሠራህ ነው ላልሽኝ፣ የጤና መድኑን ረቂቅ ሕግ የሚያየው ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። ጠዋት ማታ ስለ መዋጮ ነው የምንጨቃጨቀው። መድኃኒቱ ተወዷል፣ ታካሚው በዝቷል፣ የመድኑ ካዝና እየደረቀ ነው። ግማሹ «ዘንድሮ የተጀመረው ጭማሪ በሕግ ይጽና» ይላል፤ ግማሹ «ሕዝቡን ልትጨርሱት ነው ወይ» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። እኔ ይጽና ከሚሉት ጋር ነኝ። አትቆጪኝ። ካዝናው ባዶ ከሆነ የጋሼ መርፌም አብሮ ይቀራል።

አንድ አንቀጽ ደግሞ ራሴ አርቅቄያለሁ። ሰው ደህና ሲሆን መዋጮውን ይተዋል፣ ሲታመም ሮጦ ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ ማን ለማን ያዋጣል? ስለዚህ አቋርጦ የተመለሰ ሰው ስድስት ወር ሳይሞላው በመድኑ አይታከምም የሚል ነው። ሊቀመንበሩ ሰው ፊት «ይኼ ልጅ ጭንቅላት አለው» አለ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የእናንተን የመድን ካርድ አሳደሳችሁ? ክፍያው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ ለሁለት ሰው ሲሆን ይከብዳል። ከከበዳችሁ ሳትደብቂ ንገሪኝ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 3

አንተ ምላሰኛ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እኔ ብረት ነኝ፣ ስለ እኔ አትጠይቅ። ጋሼህም ደህና ነው፤ ሶፋው ላይ ሆኖ እኔን ይነዳኛል። «በቀኝ በኩል መቀስሽ ወድቋል፣ ሰው እየገባ ነው፣ ቀስ በዪ» ይለኛል። ጡረታ የወጣው ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከመሪው አይደለም።

ካርዱን ጠይቀኸኛል። የእሱ ታድሷል። በመስከረም መጀመሪያ ሄጄ ተሰልፌ አሳደስኩለት፤ እሱ ያለ መርፌው አንድ ሳምንት አይሰነብትም። የእኔ ይደርሳል። እኔ ሐኪም ቤት መቼ እንደገባሁ እንኳ አላስታውሰውም። የገባሁትም አንተ አፍንጫህ ውስጥ ባቄላ ወትፈህ፣ አዝዬህ ስሮጥ ነው።

ሥራ እንዴት ነው ላልከው፣ ዘንድሮ አዲስ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ሰው ቀንሷል። ሁሉም አሮጌውን ይዞ ይመጣና «ጠርዙን ልቀቂልን፣ ጉልበቱን ጣፊልን» ነው የሚለው። ቢሆንም ኖረናል። ገንዘብ ልላክ እንዳትለኝ፣ ብትልክ እመልሰዋለሁ። የቤት ኪራይህን ክፈል።

ስለ አንቀጽህ፣ እኔ ሕግ አላውቅም። አብረን ካዋጣን አብረን እንታከማለን ማለትህ ግን ገብቶኛል። ስድስት ወር አልረዘመም ወይ? አንተ ካልክ መቼም ምክንያት ይኖረዋል።

ጠረጴዛ የሚደበድቡትን ሰዎች እኔ ጋ ላክልኝ። ጨርቅ የምዘረጋበት ጠረጴዛ እግሩ ተነቅሏል፣ ምስማር ይምቱልኝ።

እህትህ


ኅዳር 12

እታለም፣

ሁለት መስመር ብቻ ጽፈሽ «ሳትጠይቀኝ ለምን አነሣኸኝ» ማለትሽ ልቤን ሰብሮታል። አዎ፣ በሬዲዮ የሰማሽው እኔ ነኝ፣ ያነሣሁትም አንቺን ነው። ስምሽን አልጠራሁም። ያልኩት ይህን ነው። «ያሳደገችኝ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ጡረተኛ ነው። ጭማሪው ሲመጣ አላማረረችም፤ ተሰልፋ ከፈለች። እሷ ከቻለች የማይችለው ማን ነው?»

ጠረጴዛ የሚደበድቡት እንኳ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሕጉ አለፈ፤ የእኔም አንቀጽ አንድ ቃል ሳይነካ አለፈ። ስንወጣ ሰዎች እየመጡ «እህትህን ሰላም በልልን» አሉኝ። እኔ ኮርቼብሽ ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊት አንቺን ማንሣት ጥፋት ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ግን ምን አስከፋሽ? ዝም አትበዪኝ፣ ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ዝም ስትዪ ነው የምፈራው።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 6

ወንድምዓለም፣

አልተቆጣሁህም። ሰው ፊት መነሣት አልለመድኩምና ደነገጥኩ፣ ያ ነው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ «የሬዲዮው እህት» ይለኛል። ካርድ የሚያድሰው ጸሐፊ ሳይቀር «እርስዎ ነዎት እንዴ» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለልኝ። ምን ልበለው? ተቀመጥ አልኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለእኔ አይደለም፣ ለደንበኛዬ ነው። እኔ ዘንድ የምታሰፋ ሴት ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ። መስከረም ላይ መዋጮውን ሳትከፍል ቀረች። ያላት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚበቃው፣ ለባሏ ከፈለች። አሁን ጡቷ ሥር እብጠት አገኘች። እብጠቱ የካፖርት ቁልፍ ያክላል፤ አያማትም። ሐኪም ቤት ሄዳ ብትጠይቅ «ወይ ከኪስሽ፣ ወይ ተመዝግበሽ ስድስት ወር ጠብቂ» አሏት። ከኪስሽ ያሏትን ብነግርህ፣ የስፌት መኪናዬን ከነጠረጴዛው ብሸጥላት አይሞላውም።

የጻፍከው አንተ ስለሆንክ ታውቀዋለህ ብዬ ነው። የሚያጥርበት መንገድ አለው ወይ? ከሌለውም የለውም በለኝ፣ እነግራታለሁ። ሰው ቁርጡን ሲያውቅ ይሻለዋል።

ጋሼህ ሰላም ብሎሃል። ያንን ንግግርህን በጋዜጣ ላይ አግኝቶ ቆርጦ ሊለጥፈው ሲል ከእጁ ቀማሁት።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

እታለም፣

አንቺ መቼም የሰውን ሁሉ ሸክም መሸከም አትተዪም። ስለ ደንበኛሽ አዝኛለሁ። እውነቱን ግን ልንገርሽ፣ መንገድ የለውም። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አንቀጹን እንደገና አነበብኩት፤ ቀዳዳ እንዳይኖረው አድርጌ ነው የጻፍኩት። ለአንዷ ከከፈትን ነገ ሁሉም በዚያው ይገባል። ካዝናው ይደርቃል፣ መዋጮው እንደገና ይጨመራል፣ የሚጎዳው ደግሞ እንደ አንቺ በሰዓቱ የከፈለው ሰው ነው። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ሕግ የሚያወጣ ሰው አንድ ሰው እያየ ማውጣት አይችልም።

ዛሬውኑ ሄዳ ትመዝገብ፣ ቀኑ ይቆጠርላት። የማያም እብጠት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም ሲሉ እሰማለሁ። ደንበኛሽ ትታገሥ። ስድስት ወር እንደ ዋዛ ያልፋል።

እሰፋልሃለሁ ያልሽኝ ሸሚዝ የት ደረሰ? የተገዛ ሸሚዝ አንገቴን እያነቀኝ ነው።

ታናሽሽ


ጥር 8

ወንድምዓለም፣

ነገርኳት። ጊዜ ሰጥቶ ስለመለሰልኝ አመስግኚልኝ ብላለች። በዚያው ሳምንት ሄዳ ተመዘገበች፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይሞላላታል። ከእንግዲህ ስለ እሷ አታስብ፣ ሥራህን ሥራ።

ሸሚዝህን ጀምሬዋለሁ። ጋሼህ ሰሞኑን ከሶፋው ተነሥቶ ዕቃ ማጠብ ጀምሯል። ውሃውን ያፈሰዋል እንጂ አይጠቅመኝም። ተው ብለው እንቢ አለኝ።

ዛሬ ብዙ አልጽፍልህም። ብርድ ነው።

እህትህ


መጋቢት 17

እታለም፣

ሸሚዙ ደረሰ፣ እጅሽ ይባረክ። የዚያኑ ቀን ለብሼው ምክር ቤት ገባሁ። ግን ልንገርሽ አልንገርሽ? ቀኝ እጅጌው ከግራው በሁለት ጣት ይረዝማል። በሕይወትሽ ልክ ተሳስተሽ አታውቂም። ጠቅልዬ ለበስኩትና «እታለም አረጀች» ብዬ ብቻዬን ሣቅሁ። ጽሕፈትሽም መስመሩን እየለቀቀ ወደ ታች ይወርዳል። ዓይንሽን ታዪ እንጂ። ካርድ እያለሽ ምን ያስፈራሻል? የከፈልሽበት ነው።

እዚህ ክርክሩ እንደገና ተነሥቷል። የመጠበቂያው ጊዜ ሰው ጎድቷል እያሉ ከየገጠሩ አቤቱታ እያመጡ ያነቡብናል። እኔም ቆሜ እመልሳለሁ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው የምለው፤ በእንቅልፌም ሳልለው አልቀርም።

የምክር ቤቱ ዕረፍት ደርሷል፤ ልምጣ? ደንበኛሽስ እንዴት ሆነች?

ታናሽሽ


ሚያዝያ 2

አንተ ምላሰኛ፣

ለሸሚዙ ይቅርታ። መልሰህ ላከው፣ አስተካክልልሃለሁ። ወይም ተወው፣ እንደጠቀለልከው ልበሰው። ክንዴ ትንሽ ይከብደኛል፣ የእርጅና ነው። ጨርቅ በግራ እጄ እየቆረጥኩ ነው፤ መቀስ ለቀኝ እጅ እንደሚሠራ አሁን ገና ገባኝ።

ልምጣ ላልከው፣ አሁን አትምጣ። ቤቱን ቀለም እያስቀባን ነው፣ መኝታ የለም። ጋሼህ ቀለም ቀቢውን እየነዳው ነው፤ ሰውየው ጥሎን ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ሐምሌ ላይ ና። እስከ ሐምሌ ሁሉም ነገር ይለይለታል።

ደንበኛዬ ደህና ናት። ከስታለች፣ ግን ትሥቃለች። ቀኑን እሷ አትቆጥርም፣ ባሏ ነው የሚቆጥርላት።

በሬዲዮ ስትናገር ድምፅህ ጎርንኖ ሰማሁት። ጉንፋን ይዞህ ነው ወይስ ጩኸት ነው? ሙቅ ነገር ጠጣ።

እህትህ


ሐምሌ 3

ወንድምዓለም፣

ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ።

ደንበኛዋ እኔ ነኝ።

ስድስት ወሩ እንደሞላ በነጋታው ሄድኩ። ካርዴን ይዤ፣ እንደ ማንም ሰው ተሰልፌ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ዳሰሰችኝ፣ ማሽን ሥር አስተኛችኝ፣ ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። ሐኪም ወንበሩን ሲስብልህ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። «እናቴ፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አለችኝ። ወረፋ ላይ ነበርኩ አልኳት። ጉበቴ ድረስ ሄዷል። ስድስት ወር ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ቆርጠን እናወጣው ነበር አለች። ልጅ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛ እንደማይነገር ገና አልተማረችም።

ማስታገሻ ሰጥታኛለች። መድኑ ሙሉ በሙሉ ሸፈነልኝ፣ ሳንቲም አልጠየቁኝም።

አታልቅስ። ጋሼህ ለሦስታችንም አልቅሷል።

እህትህ


ሐምሌ 8

እታለም፣

ስደውል ጋሼ አነሣው። «ተኝታለች» አለኝ።

ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሁሉም ላይ ነግረሽኛል። የእሱ ታድሷል ብለሻል፤ የአንቺን አላልሽም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ያላት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚበቃው ብለሻል። እጅጌው ሲረዝም ቀለድኩ፤ ክንዴ ከበደኝ ስትዪኝ መልስ እንኳ አልጻፍኩልሽም። ደግሞስ በእውነት ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ፣ እንዲያ ብሎ ይጻፋል? ትታገሥ ይባላል?

ለምን አልነገርሽኝም? የሆስፒታሉን ዳይሬክተር አውቀዋለሁ። አንድ ስልክ ነበር። በማግስቱ ያዩሽ ነበር።

አንቀጹ እንዲሰረዝ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ጓደኞቼ «ያመጣኸው አንተ፣ የምታነሣው አንተ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ሐምሌ 24፣ ሐሙስ፣ ድምፅ ይሰጥበታል። አቅራቢው ካልተገኘ ሐሳቡ ይወድቃል። ይውደቅ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።

ይቅር በይኝ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ይቅር በይኝ።

ታናሽሽ


ሐምሌ 10

ወንድምዓለም፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ሹፌር የጋሼህ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው። ቅዳሜ ሳትነሣ እንዲደርስህ ብዬ ነው። እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ጽሕፈቱን ታገሠኝ።

ተናድጄብሃለሁ። ይህን ሳልነግርህ ብሞት ይቆጨኛል። የታኅሣሡን ደብዳቤህን ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። «አንቺ ነሽ እንዴ?» የምትል ቃል የሆነ ቦታ ትኖራለች ብዬ ፈለግኩ። የለችም። አንተ እኮ ልጅ ሆነህ ካሳልኩ ከአልጋህ ወርደህ ውሃ የምታመጣልኝ ነበርክ። የዚያ ልጅ ጆሮ የት ሄደ ብዬ አለቀስኩ። ስለ እብጠቱ አንድ ቀን አላለቀስኩም፣ በዚህ ግን አልቅሻለሁ።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። ብነግርህ ትደውላለህ። ይኸው አንተው ጽፈኸዋል፣ አንድ ስልክ ነበር ትላለህ። እኔን በጓሮ በር አስገብተውኝ፣ ከእኔ ኋላ የተሰለፈችው ሴት ቆማ ታየኛለች። በማግስቱ ደግሞ «ሕጉን ለሰው አውጥቶ ለእህቱ አፈረሰው» ይሉሃል። ጻድቅ ሆኜ አይደለም፣ እንዳታሞግሰኝ። ፈርቼ ነው። ያ ሁሉ አገር እየሰማ ተሰልፋ ከፈለች ብለህ ምለህብኛል፤ አልከፈለችም ሲባል ፊትህ ምን እንደሚመስል ማየት አልፈለግኩም። ስለዚህ የምትከፍል እህት ሆኜ ልገኝልህ ስል ጊዜው ሄደ። ሞኝነት ነው በለው።

ደግሞ እወድሃለሁ። ንዴቱም ፍቅሩም አንድ ላይ እዚሁ ደረቴ ላይ ናቸው። ይቅርታህን በወረቀት አልቀበልም፣ መጥተህ ፊት ለፊቴ ትላታለህ።

አሁን ስማኝ፣ ታዘዘኝም። ቅዳሜ እንዳትመጣ። አንቀጹን ራስህ እንዳመጣኸው ራስህ አንሣው፣ ሳታነሣው ደጄን እንዳትረግጥ። በዚያ ሰልፍ ላይ ያየኋቸውን ሴቶች አንተ አላየሃቸውም። ስትናገርም እኔን አንሣ፣ አሁን ፈቅጄልሃለሁ። «እህቴ አልከፈለችም፣ አልቻለችም» በል። ሬዲዮውን ከፍቼ እሰማሃለሁ። እኔ እስከዚያ የትም አልሄድም።

እህትህ


ሐምሌ 15

እታለም፣

ደብዳቤሽን ያመጣው ሹፌር ዛሬ ተመልሶ ሊነሣ ነው፤ መልስ እንድሰጠው መኪናውን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው። እሺ። ታዝዣለሁ። ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ፣ ድምፁ እንዳለቀ እነሣለሁ፣ ዓርብ ጠዋት ደጅሽ ላይ ነኝ። የምናገረውን ጽፌዋለሁ። አንቺ እንዳልሽኝ ነው የጻፍኩት፤ አልከፈለችም፣ አልቻለችም፣ ያልጠየቅኳትም እኔ ነኝ።

ሹፌሩን እንዴት ናት አልኩት። «ጥሩ ናት» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። እታለም፣ ልምጣ በዪኝ። አንዲት ቃል ላኪልኝ፣ ሁሉን ጥዬ እመጣለሁ።

ታናሽሽ


ሐምሌ 28

እታለም፣

ይህን እንደማታነቢልኝ አውቃለሁ። ሌላ የምጽፍለት ሰው የለኝም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወረቀቴን ይዤ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥኩ። የመጣው አባል ግማሽ እንኳ አይሞላም። አፈ ጉባኤው ወንበሮቹን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ «ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ለማክሰኞ ተዛውሯል» ብሎ ተነሣ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንዳንዶቹ ዝናቡን ፈርተው ነው የቀሩት አሉ።

ጋሼ ነገረኝ። በዚያው ሰዓት ትራስ ተደግፈሽ ሬዲዮውን አስከፍተሽ ነበር። ሙዚቃ ሲጀምር «ምን ሆኖ ነው?» አልሽ። «ይናገራል፣ ቆዪ ትንሽ» አለሽ። ከዚያ ደከመሽና ተኛሽ፣ አልነቃሽም። ዓርብ ጠዋት ስደርስ ደጁ ላይ ወንበር እየደረደሩ ነበር። አንዱ ለቀስተኛ መስዬው ወንበር ሰጠኝ።

ለምን ታዘዝኩሽ? ልጅ ሳለሁ አንድም ቀን ታዝዤሽ አላውቅም፤ ለዚህ ሰዓት ነው የታዘዝኩሽ። አንቺም የሰማሽኝ ለዚያ ለተረገመ አንቀጽ ነው። መናኸሪያ ደርሼ የተመለስኩበት ቅዳሜ ዓይኔ ላይ ነው። ትኬቱ እጄ ላይ ነበር፣ እታለም።

ዛሬ ጠዋት ሰው አደራ የሰጠሽን ልብስ እንዲወስድ ብለን ሱቁን ከፈትነው። ጋሼ መቆም ስላልቻለ እኔ ቆምኩ። ትምህርት ቤት የምታጸዳ ሴት ናት፣ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ቀሚሱን ሰጥቻት ከመሄድ ፈንታ ቆማ አየችኝ። «የሬዲዮው ወንድሟ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ሻርፗን ፈታ አድርጋ አንገቷን አሳየችኝ። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነገር ወጥቶባታል።

«ስድስት ወሩ ሊሞላልኝ ሁለት ወር ቀረኝ» አለች። «እህትህ ናት ያጽናናችኝ። ወንድሜ ያወጣው ሕግ ነው፣ ያለ ምክንያት አያወጣም፣ አብረን እንታገሥ አለችኝ። ምክንያቱ ምንድነው ስላት ግን እሱ ነው የሚያውቀው አለችኝ። እስቲ አንተ ንገረኝ።»

ነገርኳት። አፌ ለምዶታል። ስለ ካዝናው ነገርኳት፤ ደህና ሲሆኑ ስለሚወጡት፣ ሲታመሙ ስለሚመለሱት፣ በሰዓቱ ከፍለው ስለሚጎዱት። አንድም ቃል አልተደናቀፈብኝም። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ስጨርስ «እንዲያ ከሆነማ ልክ ነው» አለች። «እታገሣለሁ።» ቀሚሷን በፌስታል ይዛ፣ እግዜር ያጽናህ ብላኝ ወጣች።

ባንኮኒው ኋላ ቆሜ ቀረሁ። አንቺን እንዲህ ነው ያሳመንኩሽ። ያን ጊዜ እንኳ ፊትሽን ሳላይ ነበር፤ የዚችን ግን እያየሁት ነው የተናገርኩት።

ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩባት። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኳት። «ሕጉስ?» አለችኝ። ፌስታሉን ከእጇ ተቀበልኩና አብረን ሄድን።

የምጽፍልሽ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። ካርዷን አይተው «ገና ነዎት» አሏት፤ እኔ ከፋይ ነኝ ብዬ ወረፋ ያዝኩላት። ከፊታችን ብዙ ሰው አለ። ለነገው ድምፅ የሚያደርሰኝ የመጨረሻው አውቶቡስ አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ካመለጠኝ ሐሳቡ ይወድቃል። ጋሼ ሁለቴ ደውሎ «ሂድ እንጂ፣ እሷ ብትሆን በመጥረጊያ ታባርርህ ነበር» አለኝ። ታባርሪኝ ነበር፣ አውቃለሁ።

ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ስሟ ሳይጠራ ከዚህ አልነሣም።

ታናሽሽ